አማካዩ ቁጥር የሚሸፍነው፦ በወሲብ ንግድ የተሰማሩ ሴቶችና የኤች አይ ቪ መከላከል አገልግሎት ቀጣይነት

በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ዜጎች መካከል ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ያለባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት የስርጭት መጠኑን 0.9 በመቶ አድርጎ አስቀምጦታል። ሀገሪቱ በ1990ዎቹ ከነበረችበት አስጊ ሁኔታ አንጻር ሲታይ ይህ አኃዝ የብዙ ዓመታት ጥረት ውጤት ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2019 እና 2020 በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መሪነት በ16 ከተሞች በወሲብ ንግድ ላይ በተሰማሩ ሴቶች ዘንድ የተካሄደ ጥናት የስርጭት መጠኑ 18.7 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ይህም ከአምስት ሴቶች አንዷ ገደማ ማለት ነው።

ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው የሀገሪቱን አማካይ ሲያሳይ፣ ሁለተኛው ቫይረሱ አሁንም ተከማችቶ የሚገኝበትን ቦታ ያመለክታል። አማካዩ ዝቅ ባለ ቁጥር ልዩ ትኩረት የሚሻው አገልግሎት አላስፈላጊ መስሎ መታየቱ አይቀርም። በተለይም ለኤች አይ ቪ መከላከል ሥራ ከውጭ ይገኝ የነበረው ድጋፍ እየቀነሰ ባለበት በአሁኑ ወቅት የትኛው አገልግሎት ይቀጥል፣ የትኛውስ በመደበኛው የጤና ሥርዓት ይተካ የሚለው ጥያቄ በአማካይ ቁጥር ብቻ እንዳይመለስ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከመነሻው እስከ ዛሬ

ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መኖሩን የሚያሳየው የመጀመሪያ ማስረጃ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተሰበሰቡ የደም ናሙናዎች ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት ደግሞ በ1986 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ23 ከተሞች በወሲብ ንግድ በሚተዳደሩ ሴቶች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት በአማካይ 17 በመቶ የሚሆኑት በቫይረሱ መያዛቸውን ሲያረጋግጥ፣ ወረርሽኙ በዋና ዋና መንገዶች ተከትሎ ከከተማ ወደ ከተማ እየተስፋፋ መሆኑ ግልጽ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጡት አሥር ዓመታት እጅግ አስከፊዎቹ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በአዲስ አበባ በሁለት ጤና ጣቢያዎች አገልግሎት ያገኙ 372 በወሲብ ንግድ የተሰማሩ ሴቶች ተመርምረው 73.7 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ እንዳለባቸው ታውቋል። በዚያው ጥናት ኮንዶም የመጠቀም ልማድ በነበራቸው ሴቶች ዘንድ መጠኑ ዝቅ ብሎ መገኘቱ ወደፊት መሠራት ያለበትን አስቀድሞ የጠቆመ ነበር። ብሔራዊ የኤች አይ ቪ/ኤድስ ፖሊሲ የወጣው በዚሁ ዓመት ሲሆን፣ በ2000 ብሔራዊ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ በ2005 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ጀመረ።

በወሲብ ንግድ በተሰማሩ ሴቶች ዘንድ በ2013 የተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት የስርጭት መጠኑን ወደ 23 በመቶ ገደማ አድርሶታል። ከላይ የተጠቀሰው የ2019 እና 2020 ጥናት ደግሞ ወደ 18.7 በመቶ መውረዱን አመልክቷል። እነዚህ ጥናቶች በናሙና አወሳሰድም ሆነ በሸፈኗቸው ከተሞች ስለሚለያዩ እንደ አንድ መስመር ተቀጣጥለው ሊነበቡ አይችሉም። የ1998ቱ አኃዝ ሁለት የአዲስ አበባ ጤና ጣቢያዎችን ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ የኋለኞቹ ብዙ ከተሞችን ያካተቱ ናቸው። የአቅጣጫው ቁልቁለት ግን አያጠራጥርም።

የ18.7 በመቶ ትርጉም

የስርጭት መጠን በአንድ ወቅት ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎችን ድርሻ የሚለካ ነው። በዓመቱ ውስጥ ስንት ሰዎች አዲስ እንደተያዙ አይናገርም። ይህን ልዩነት መገንዘብ ለትንተናው ወሳኝ ነው። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የስርጭት መጠን የሚወርድበት አንዱ ምክንያት ሞት ነበር። ዛሬ መድኃኒት የጀመረች ሴት ረጅም ዕድሜ ስለምትኖር በስርጭት ቁጥሩ ውስጥ ለዓመታት ትቆያለች። በመሆኑም ቁጥሩ ቀስ እያለ መውረዱ ብቻውን የሥራ ድክመት ምልክት አይደለም፤ በከፊል ሰዎች በሕይወት የመቆየታቸው ውጤት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ሕክምና ራሱ መከላከያ የመሆኑ ጉዳይ ነው። ከቫይረሱ ጋር የሚኖር ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ሲደርስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ በተለያዩ ዓለም አቀፍ ጥናቶች የተረጋገጠ ሐቅ ነው። ስለዚህ ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩት ሴቶች መካከል ስንቶቹ ራሳቸውን ያውቃሉ፣ ስንቶቹ መድኃኒት ላይ ናቸው፣ የስንቶቹስ የቫይረስ መጠን ተገትቷል የሚሉት ጥያቄዎች ከስርጭት መጠኑ እኩል ክብደት አላቸው።

በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በሀገሪቱ ከተሞች በተካሄደው ሕዝብ ተኮር የኤች አይ ቪ ተጽእኖ ዳሰሳ የተገኘው ውጤት አስተማሪ ነው። ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩ የከተማ አዋቂዎች መካከል ራሳቸውን የሚያውቁት 79 በመቶ ነበሩ። ራሳቸውን ካወቁት ውስጥ 97.1 በመቶው መድኃኒት ላይ የነበሩ ሲሆን፣ መድኃኒት ላይ ካሉት ደግሞ የ87.6 በመቶው የቫይረስ መጠን ተገትቶ ተገኝቷል። ከሦስቱ ደረጃዎች ደካማው የመጀመሪያው ነው፤ ማለትም ምርመራ። አንድ ሰው ተመርምሮ ውጤቱን ካወቀ በኋላ ሥርዓቱ ሕክምና ለማስጀመር አይቸገርም። የሚቸገረው ያልተመረመረውን ሰው ለማግኘት ነው። ወደ ጤና ተቋም ለመምጣት ከሚከብዳቸው ወገኖች መካከል ደግሞ በወሲብ ንግድ የተሰማሩ ሴቶች ከፊት ይሰለፋሉ።

አደጋው ከየት ይመነጫል?

የተጋላጭነቱ ምክንያት የደንበኞች ቁጥር መብዛት ብቻ ተደርጎ መወሰዱ የተለመደ ነው። ምክንያቱ ግን ከዚያ የሰፋ ነው። በተፈጥሮ ረገድ በወንድና በሴት ግንኙነት ቫይረሱ ከወንድ ወደ ሴት የመተላለፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ያልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ በተለይም ቁስለት የሚያስከትለው ዓይነት፣ ይህንን ዕድል ይበልጥ ያሳድገዋል።

ከተፈጥሮው በላይ የሚከብደው ግን የድርድር አቅም ነው። ያለ ኮንዶም ለመገናኘት ተጨማሪ ገንዘብ የሚያቀርብ ደንበኛ በሚገጥምበት ጊዜ የቤት ኪራይ ዕዳ ያለባት፣ ልጅ የምታሳድግ ወይም ለቤተሰቧ ወደ ገጠር ገንዘብ የምትልክ ሴት የምትወስነው ስለ ጤናዋ ብቻ አይደለም። ደንበኛው በመጠጥ በተሸነፈበት ወይም እርሷ ራሷ እየጠጣች እንድትሠራ በምትገደድበት ቡና ቤት ውሳኔው ይበልጥ ከእጇ ይወጣል። ጥቃት በሚፈጸምበት ጊዜ ደግሞ ድርድር የሚባል ነገር አይኖርም። ኮንዶም በነጻ መቅረቡ የመጀመሪያውን ችግር ይፈታል፤ የቀሩትን ግን ብቻውን አይፈታቸውም።

ብዙም ትኩረት የማይሰጠው ሌላው ምክንያት ቋሚ አጋር ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች ሀገራት የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት፣ ከደንበኛ ጋር ኮንዶም በጥብቅ የምትጠቀም ሴት ከፍቅረኛዋ ወይም አብሯት ከሚኖረው ሰው ጋር አትጠቀምም። ኮንዶም የሥራ ዕቃ ሆኖ ሲታይ፣ አለመጠቀም ደግሞ የመተማመን መግለጫ ይሆናል። ስለ ደንበኛ ብቻ የሚያስተምር መልእክት ይህን በር ክፍት ይተወዋል።

የሥራው ተንቀሳቃሽነትም ሊታለፍ አይገባም። ከአዲስ አበባ በአዳማና በአዋሽ አድርጎ እስከ ጅቡቲ ድንበር በሚዘልቀው መስመር፣ በመተማና በሞያሌ ኬላዎች፣ ሰፋፊ እርሻዎችና የግንባታ ፕሮጀክቶች ባሉባቸው አካባቢዎች ሴቶቹ ከወቅቱ ገበያ ጋር ይንቀሳቀሳሉ። በአንድ ከተማ መድኃኒት የጀመረች ሴት ከሦስት ወር በኋላ በሌላ ከተማ ልትገኝ ትችላለች። የዝውውር ወረቀት ካልያዘች ወይም በአዲሱ ቦታ ታሪኳን እንደገና መናገር ካስፈራት ሕክምናው ይቋረጣል። በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል ከ2020 እስከ 2022 በተካሄደው ጦርነት የጤና ተቋማት መጎዳታቸውና በርካታ ሴቶች መፈናቀላቸው ይህን ችግር አባብሶታል።

በመጨረሻም መገለል አለ። መገለል የሞራል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል፤ በተግባር ግን ውጤቱ በቀጠሮ መዝገብ ላይ ይታያል። በካርድ ክፍል ስለ ሥራዋ ድምፅን ከፍ አድርጎ የተጠየቀች፣ በመጠባበቂያ አግዳሚ ወንበር ላይ የጎረቤት ዓይን የወደቀባት ወይም በባለሙያ የተገሠጸች ሴት በሚቀጥለው ቀጠሮ አትመጣም። አለመምጣቷ በሪፖርት ላይ «ሕክምና ያቋረጠች» ተብሎ ይመዘገባል፤ ያስቀራት ምክንያት ግን አይመዘገብም።

ውጤት ያመጣው አሠራር

ባለፉት ሃያ ዓመታት የተመዘገበው ለውጥ መድኃኒትና ኮንዶም በመቅረባቸው ብቻ የመጣ አይደለም። እነዚህን ወደ ሴቶቹ ያደረሰው አሠራር በሦስት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነበር።

የመጀመሪያው የአቻ ለአቻ ትምህርትና ድጋፍ ነው። በሥራው ላይ ያሉ ወይም የነበሩ ሴቶች ሠልጥነው ባልንጀሮቻቸውን ማስተማር፣ ኮንዶም ማከፋፈል፣ ወደ ምርመራ ማምጣትና መድኃኒት የጀመሩትን መከታተል የእነርሱ ድርሻ ሆነ። አቻ መሪዋ የትኛዋ ሴት ከየት እንደመጣች፣ ማን አዲስ እንደገባች፣ ማን እንደታመመች ታውቃለች። ይህ ዕውቀት በየትኛውም የጤና ተቋም መዝገብ ውስጥ አይገኝም። በሴቶቹ በራሳቸው የተመሠረቱ ማኅበራትም በዚህ ሥራ የማይናቅ አስተዋጽኦ አድርገዋል።

ሁለተኛው በተመረጡ ከተሞች የተከፈቱት ድሮፕ ኢን ሴንተር የሚባሉ ማዕከላት ናቸው። ሴቶቹ በእነዚህ ማዕከላት ያርፋሉ፣ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ፤ በዚያው የኤች አይ ቪና የአባላዘር በሽታ ምርመራና ሕክምና፣ የቤተሰብ ዕቅድ እንዲሁም የምክር አገልግሎት ያገኛሉ። የማዕከላቱ ጥቅም በአገልግሎቱ ዓይነት ላይ ብቻ የሚወሰን አይደለም። አንዲት ሴት ወደ በሩ ስትገባ ስለ ማንነቷ ማብራሪያ አትጠየቅም።

ሦስተኛው በየጊዜው የተጨመሩት አዳዲስ የመከላከያ አማራጮች ናቸው። ከምራቅ ጋር በሚገናኝ መሣሪያ ራስን በራስ መመርመር ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ የሚያመነቱትን ለመድረስ አስችሏል። በዚህ መንገድ ቫይረሱ እንዳለ የሚጠቁም ውጤት ሲገኝ ግን በጤና ተቋም በሚደረግ ምርመራ መረጋገጥ ይኖርበታል። ቫይረሱ የሌለባት ሴት እንዳትያዝ በየቀኑ የምትወስደው የቅድመ ተጋላጭነት መከላከያ መድኃኒት (ፕሬፕ) በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በወሲብ ንግድ ለተሰማሩ ሴቶችና አንዳቸው ቫይረሱ ላለባቸው ጥንዶች ቅድሚያ በመስጠት ሥራ ላይ ውሏል። ኮንዶም ለተቀደደባት ወይም ጥቃት ለደረሰባት ሴት ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት የሚወሰደው የድኅረ ተጋላጭነት መከላከያ (ፔፕ) አለ። ሰዓቱ ካለፈ ይህ ዕድል ስለሚያመልጥ መረጃው አስቀድሞ በእጇ መኖሩ ወሳኝ ነው።

ከእነዚህ አማራጮች መካከል ፕሬፕ ልዩ ትርጉም አለው። ኮንዶም የደንበኛውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፕሬፕ ግን በሴቲቱ ውሳኔ ብቻ የሚወሰድ ነው። ችግሩ በየቀኑ መዋጥ ያለበት መሆኑና የመድኃኒቱ ዕቃ ከፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጋር ተመሳስሎ የሚያስጠረጥር መሆኑ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለዚህ መፍትሔ እየመጣ ነው። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በወጣት ሴቶች ላይ በተካሄደ ጥናት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጠውን የሌናካፓቪር መርፌ ከወሰዱ 2,134 ሴቶች መካከል አንዲትም በቫይረሱ አልተያዘችም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 መርፌው እንደ ተጨማሪ የመከላከያ አማራጭ እንዲቀርብ ምክረ ሐሳብ ሰጥቷል። ነገር ግን መርፌ በራሱ ወደ ሴቶቹ አይሄድም። የሚያደርሰው ያው ከላይ የተገለጸው አሠራር ነው።

የገንዘብ ምንጩ ሲለወጥ

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ግዥ በአብዛኛው በግሎባል ፈንድ የሚደገፍ ሲሆን፣ ከላይ የተዘረዘረው ወደ ሴቶቹ የሚሄድ አገልግሎት ደግሞ ለረጅም ጊዜ በዋናነት በአሜሪካ መንግሥት የኤድስ ዕርዳታ መርሐ ግብር (ፔፕፋር) ሲደገፍ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀናት ሲያግድ በርካታ ፕሮጀክቶች ቆሙ። ቆየት ብሎ ሕይወት አድን ለሆኑ አገልግሎቶች ፈቃድ ሲሰጥ ሕክምና የተካተተ ቢሆንም፣ ፕሬፕ ግን ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት የዕርዳታ ሥራ አበቃ።

ከዚህ ቅደም ተከተል አንድ ትምህርት ይገኛል። ድጋፍ ሲቀንስ ሕክምና ይጠበቃል፤ መከላከል ደግሞ ቀድሞ ይቆረጣል። መድኃኒት ያጣ ሕመምተኛ በዓይን ይታያል፤ በመከላከል ከመያዝ የዳነ ሰው ግን አይታይም፤ የዳነ መሆኑን እርሱ ራሱም አያውቅም። ከመከላከል አገልግሎት ውስጥም ቀድሞ የሚጎዳው ማኅበራዊ ተቀባይነቱ ዝቅተኛ ለሆነ የኅብረተሰብ ክፍል የሚሰጠው ነው። ውጤቱ በአንድ ዓመት ሪፖርት ላይ ላይታይ ይችላል። ዛሬ በቫይረሱ የተያዘች ሴት ካልተመረመረች ለዓመታት ሳትታወቅ ልትቆይ ትችላለች፤ የሚወጣው ወጪም ያኔ የዕድሜ ልክ ሕክምና ይሆናል።

መንግሥታዊው የጤና ሥርዓት እነዚህን አገልግሎቶች ተረክቦ በራሱ መዋቅር ማስቀጠሉ ተገቢም የማይቀርም ነው። የውጭ ድጋፍ ዘላለማዊ እንደማይሆን አስቀድሞ የታወቀ ሲሆን፣ በየሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያላት ሀገር መነሻ አላት። ጥያቄው ርክክቡ ምን ምን ያካትታል የሚለው ነው። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ አስቀድሞም ነበር። ሴቶቹ ግን ወደ መደርደሪያው አይመጡም ነበር። ስለዚህ ሊወረስ የሚገባው ዋናው ሀብት የአገልግሎቱ አሰጣጥ ነው።

በሽግግሩ ሊጠበቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ሌሊት የምትሠራ ሴት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካርድ ለማውጣት ልትሰለፍ አትችልም። በተመረጡ ጤና ጣቢያዎች ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ በሳምንት ውስን ቀናት የሚሰጥ አገልግሎት ከፍተኛ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ምስጢር ጠባቂነት ነው። የሴቲቱ ሥራ በካርድ ክፍል የሚጠየቅ መረጃ መሆን የለበትም። አስፈላጊ በሚሆንበት ጊዜም በምክር ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ በሠለጠነ ባለሙያ ሊሆን ይገባል። ለባለሙያዎች የሚሰጥ ሥልጠናም በበሽታው ላይ ብቻ ሳይሆን በአነጋገርና በአቀባበል ላይ ማተኮር ይኖርበታል።

ሦስተኛው የአቻ መሪዎች ቦታ ነው። በፕሮጀክት ዘመን አበል እየተከፈላቸው የሠሩት ሴቶች ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ከሥራ ውጪ ይሆናሉ፤ ከእነርሱ ጋርም ስለ ሰፈሩ ያላቸው ዕውቀት ይጠፋል። በጤና ጣቢያዎች ወይም በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ሥር መጠነኛ ክፍያ እያገኙ የሚቀጥሉበት ሥርዓት ካልተበጀ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብቻዋን የእነርሱን ሥራ ልትሠራ አትችልም። የእርሷ ሥራ በቤተሰብ ምዝገባ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በወሲብ ንግድ የተሰማሩ ሴቶች ብዙውን ጊዜ በቤተሰብ መዝገብ ውስጥ አይገኙም።

አራተኛው የወጪና የመታወቂያ ጉዳይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት በቤተሰብ የሚመዘገብ በመሆኑ ከቤተሰቧ ተለይታ፣ የቀበሌ መታወቂያ ሳይኖራት በኪራይ ቤት የምትኖር ሴት ከዚህ ሽፋን ውጪ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። የኤች አይ ቪ ሕክምና ነጻ ቢሆንም ሌሎች ምርመራዎችና መድኃኒቶች ያስከፍላሉ። ይህ ክፍተት በተለይ በማኅፀን በር ካንሰር ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ለዚህ በሽታ ያላቸው ተጋላጭነት ቫይረሱ ከሌለባቸው ሴቶች በስድስት እጥፍ እንደሚበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ያስገነዝባል።

አምስተኛው የአቅርቦት ቀጣይነት ነው። ኮንዶም በቡና ቤቶች፣ በአልጋ ቤቶችና በጠጅና አረቄ ቤቶች መገኘት ያለበት ሥራው በሚሠራበት ሰዓት ነው። ለአንድ ሳምንት የተቋረጠ አቅርቦት የብዙ ዓመታት ትምህርትን ያህል ዋጋ ያስከፍላል።

ስድስተኛው መረጃ ነው። በወሲብ ንግድ በተሰማሩ ሴቶች ዘንድ የሚደረገው ጥናት በየጥቂት ዓመቱ ካልተደገመ ሽግግሩ ጉዳት ማድረሱም ሆነ አለማድረሱ ሊታወቅ አይችልም። ይህ መረጃ ከሌለ የሚቀረው አማካዩ ቁጥር ብቻ ነው።

ሁለት ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

የሀገሪቱ የጤና በጀት ውስን በሆነበት ሁኔታ ለአንድ የኅብረተሰብ ክፍል የተለየ አገልግሎት ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ በመጀመሪያ ደረጃ የመብት ጉዳይ ነው፤ በጤና ተቋም በር ላይ የዜጋ ሥራ መመዘኛ ሊሆን አይገባም። ከዚህ ባሻገር ደግሞ የስሌት ጉዳይ ነው። የስርጭት መጠኑ ከመቶ አንድ በታች በሆነበት ሕዝብ ውስጥ ሁሉንም በእኩል ደረጃ መመርመር ብዙ ወጪ ጠይቆ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ያስገኛል። አንድ አምስተኛ የሚጠጉት ከቫይረሱ ጋር በሚኖሩበት ክፍል ግን ያው ወጪ ብዙዎችን ለሕክምና ያበቃል። በተጨማሪም የወሲብ ንግድ በአንድ ወገን ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ደንበኛው ባል፣ አባት፣ የረጅም ርቀት አሽከርካሪ፣ ነጋዴ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ነው። በአንዲት ሴት ላይ የተገታ ቫይረስ በማታውቃቸው ቤተሰቦች ላይም ይገታል።

ሌላው ጥያቄ ሴቶቹን በሥራው ላይ እያሉ ከመደገፍ ይልቅ ከሥራው ማውጣት አይሻልም ወይ የሚል ነው። ሁለቱ የሚቃረኑ ተደርገው መቅረባቸው ስሕተት ነው። የሙያ ሥልጠና፣ የብድርና ቁጠባ አገልግሎት እንዲሁም ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈልሱ ልጃገረዶችን ገና ከመናኸሪያ ጀምሮ የሚያግዝ ሥራ ሊጠናከር ይገባዋል። የወንጀል ሕጉም ከሌላ ሰው የወሲብ ንግድ ገቢ ለማግኘት የሚያሠማሩ ሰዎችን የሚቀጣ በመሆኑ ተፈጻሚነቱ ሊጠብቅ ይገባል። ይሁን እንጂ ከሥራው ለመውጣት የምትፈልግ ሴት የምትወጣበት ቀን እስኪደርስ ድረስ በጤና መቆየት ይኖርባታል። ጤናዋን ያጣች ሴት የመውጫ መንገዷም ይጠብባታል።

ማጠቃለያ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ሀገራት ኤድስ የኅብረተሰብ ጤና ሥጋት መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2030 እንዲያበቃ ቃል ገብተዋል። ኢትዮጵያ ከዚህ ግብ ጋር ያላት ርቀት በአማካዩ ሲለካ አጭር ይመስላል። እውነተኛው ርቀት የሚለካው ግን ቫይረሱ ገና ተከማችቶ በሚገኝባቸው ቦታዎች ነው፤ በድንበር ከተሞች፣ በጭነት መኪና ማደሪያዎች፣ በትላልቅ ከተሞች ጠባብ የኪራይ ክፍሎች።

በአሁኑ ወቅት በክልል፣ በዞንና በወረዳ ደረጃ የሚገኙ ኃላፊዎች የሚወስኗቸው የበጀትና የሰው ኃይል ውሳኔዎች ይህን ርቀት ያሳጥሩታል ወይም ያራዝሙታል። በአንድ ጤና ጣቢያ ምሽት ላይ ክፍት ሆኖ የሚቆይ አንድ ክፍል፣ ሥራዋን ያላጣች አንዲት አቻ መሪ፣ ፊቷን ሳታጠቁር የምትቀበል አንዲት ነርስ የሽግግሩ መመዘኛዎች ናቸው። የጤና ተቋማት፣ የሴቶቹ ማኅበራት፣ የቡና ቤትና የአልጋ ቤት ባለቤቶች፣ የፀጥታ አካላትና መላው ኅብረተሰብም በየድርሻቸው ይህን ኃላፊነት ሊወጡ ይገባል። ሀገሪቱ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በብዙ መሥዋዕትነት ያገኘችው ውጤት ተጠብቆ የሚዘልቀው አገልግሎቱ ሴቶቹ ባሉበት ቦታና ሰዓት መድረሱን ሲቀጥል ነው።